ከመጋዘን ወደ መኖሪያ በተለወጠ ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ማስገባት፦ ለሐዋሳ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

መጋዘን፣ ሱቅ ወይም ጋራዥ የነበረን ሕንፃ ወደ መኖሪያ ቤት የሚለውጥ ሰው ስለ ውኃው፣ ስለ መብራቱና ስለ ፍሳሹ አስቀድሞ ይጨነቃል፤ ኢንተርኔቱ ትዝ የሚለው ግን ቀለሙ ተቀብቶ፣ መጋረጃው ተሰቅሎ፣ ልጆቹ «ዋይፋዩስ?» ብለው ሲጠይቁ ነው። እኔም ከዚህ የተለየሁ አልነበርኩም። እዚህ ሐዋሳ ከገበያ ጀርባ የነበረ የእህል መጋዘን ገዝቼ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ካደረግሁት በኋላ፣ የፋይበር ገመድ ተሸክሞ የመጣው ወጣት ባለሙያ በሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ በየት በኩል ላስገባው?» ሲለኝ የማሳየው ቀዳዳ አልነበረኝም። ልስኑ ከደረቀ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ግድግዳው በመሮ ተፈልፍሎ ገመዱ ገባ፤ ተመልሶ የተደፈነው ቦታ ግን ቀለሙ እስከ ዛሬ ከሌላው ጋር አልገጠመም። ስለዚህ ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው የለውጡን ሥራ ላልጨረሱ፣ ቢቻል ልስን ላልጀመሩ ሰዎች ነው፤ የጨረሱትም ቢሆኑ ከሁለተኛው አጋማሽ የሚጠቅማቸው አያጡም።

አንደኛ፦ ቤቱ በመዝገብ ላይ ምን እንደሆነ ያጣሩ

ሕንፃው ለዓይን መኖሪያ ቤት ሆኖ ሳለ በወረቀት ላይ መጋዘን ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይህ ተራ የወረቀት ጉዳይ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ምክንያቱም የቴሌኮም አገልግሎት ለመኖሪያና ለድርጅት የሚሸጠው በተለያየ ጥቅልና በተለያየ ዋጋ ሲሆን፣ አድራሻዎ በንግድ ቤትነት የተያዘ ከሆነ ማመልከቻዎን የሚቀበለው ሠራተኛ ወደ ድርጅት ጥቅል ሊመራዎት ይችላል። የአገልግሎት ለውጡን በክፍለ ከተማዎ በኩል ካስፈቀዱ ፈቃዱንና የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ኮፒ አድርገው ይያዙ፤ ተከራይ ከሆኑ ደግሞ የኪራይ ውሉን ያዘጋጁ፤ ግድግዳ ለመብሳትና ገመድ ለመሳብ ባለቤቱ መስማማቱንም በጽሑፍ ያስፍሩ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ ይረሳል።

ሁለተኛው የሚጣራ ነገር አሮጌው መስመር ነው። ብዙ መጋዘኖችና ሱቆች በቀድሞው ባለቤት ስም የተመዘገበ የቤት ስልክ ነበራቸው፤ ግድግዳው ላይ ተቆርጦ የተንጠለጠለ ባለ ሁለት ክር ሽቦ ካዩ ምልክቱ እሱ ነው። የስልክ ቁጥሩን ከቀድሞው ባለቤት ተቀብለው መስመሩ የተዘጋ፣ ያልተዘጋ ወይም ዕዳ ያለበት መሆኑን ከአገልግሎት ማዕከሉ ይጠይቁ። መስመሩ ያለ ዕዳ ከተገኘ በስምዎ እንዲዛወር መጠየቅ ይቻላል፤ ዕዳ ካለበት ግን የራስዎን አዲስ ማመልከቻ ማስገባትና የአሮጌውን ጣጣ ለባለቤቱ መተው ይሻላል።

የቤት ቁጥር ነገርም አለ። አንድ ትልቅ መጋዘን ለሁለትና ለሦስት ቤተሰብ ሲከፈል ሁሉም በአንድ የቤት ቁጥር ይጠራሉ፤ ባለሙያው ተልኮ ሲመጣ የጎረቤትዎን በር አንኳኩቶ ሊመለስ ይችላል። በማመልከቻው ላይ ከቤት ቁጥሩ ጋር በግልጽ የሚታወቅ ምልክት ይጻፉ፤ ከተቻለም ከስልክዎ ላይ የቤቱን የካርታ ነጥብ ወስደው ያስቀምጡ።

ሁለተኛ፦ ደጃፍዎ ላይ ያለውን መስመር ያንብቡ

ወደ ማንኛውም ቢሮ ከመሄድዎ በፊት ከቤትዎ ወጥተው ምሰሶዎቹን ቀና ብለው ይመልከቱ። በእንጨት ወይም በኮንክሪት ምሰሶ ላይ ከኤሌክትሪኩ ሽቦ ዝቅ ብሎ የሚሄደው ጥቁር ገመድ የቴሌኮም ነው። ከምሰሶው ላይ የጫማ ካርቶን የምታህል የፕላስቲክ ሳጥን ተሰቅላ፣ ከሥሯ ቀጫጭን ጠፍጣፋ ጥቁር ገመዶች ወደየቤቱ ሲወጡ ካዩ በሰፈርዎ ፋይበር ደርሷል ማለት ነው። ሳጥኗ አርጅታ ወደ ቤቶቹ የሚሄዱት የተጠማዘዙ ባለ ሁለት ክር ሽቦዎች ከሆኑ መስመሩ የመዳብ ነው። የጎረቤት ቤት ዋይፋይ ካለው ምን ዓይነት መስመር እንዳስገባና ምን ያህል ጊዜ እንደሚቋረጥበት ቡና እየጠጡ ቢጠይቁ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ያውቃሉ።

የሁለቱ ልዩነት ከፍጥነትም ያልፋል። በመዳብ ገመድ የሚመጣው ኢንተርኔት ቤትዎ መስመሮቹ ከሚነሡበት የቴሌኮም ማዕከል በራቀ መጠን ይዳከማል፤ ኤዲኤስኤል ሁለት ፕላስ የሚባለው ዓይነት በቅርብ ርቀት በሰከንድ እስከ 24 ሜጋ ቢት ሲያወርድ፣ ገመዱ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ግን ከጥቂት ሜጋ ቢት አያልፍም። መዳቡ በዝናብ ጊዜ መገጣጠሚያው ላይ ውኃ ሲገባበት ይንኮሻኮሻል፤ የመብረቅ ኃይልንም ወደ ቤት ሊያስገባ ይችላል። ፋይበር ግን በቀጭን መስታወት ውስጥ ብርሃን የሚያስተላልፍ ስለሆነ ከማዕከሉ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል። በቤቶች ዘንድ በብዛት የሚዘረጋው ጂፖን የተባለው ሥርዓት በአንድ ፋይበር ላይ 2.5 ጊጋ ቢት ገደማ ወደ ታች፣ 1.25 ጊጋ ቢት ገደማ ደግሞ ወደ ላይ እያስተላለፈ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ያከፋፍላል። ሰፈርዎ ፋይበር ካለው ሌላ አይምረጡ፤ ርካሽ ነው ብሎ በመዳብ መጀመር በኋላ ሁለት ጊዜ መብሳት ማለት ነው።

ሁለቱም ከሌሉ፣ ወይም ቤቱ ገና በግንባታ ላይ ከሆነ፣ በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር (ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) መፍትሔ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ በከተሞች ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ መጥቷል፤ በቤትዎ ውስጥ የትኛው እንደሚሻል የሚነግርዎት ግን የሁለቱንም ሲም በስልክዎ ከትተው በየክፍሉ መሞከር ብቻ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሕንፃ ውስጥ ምልክቱ ከመስኮት ራቅ ሲሉ እንደሚወድቅ ያስተውሉ። ይህን መሣሪያ ለግንባታው ወራት እንደ ጊዜያዊ ነገር መያዝ፣ ቋሚው መስመር ከገባ በኋላም ለብልሽት ቀን ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

ሦስተኛ፦ ቱቦው ከልስኑ ይቅደም

የዚህ መመሪያ ልብ ይህ ክፍል ነው። ገመዱን የሚያመጣው አገልግሎት ሰጪው ነው፤ ገመዱ የሚያልፍበትን መንገድ የሚያዘጋጀው ግን ባለቤቱ ነው፤ መንገዱ ካልተዘጋጀ ባለሙያው አጭሩን ይመርጣል። የባለሙያው አጭር መንገድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመስኮት ፍሬም በኩል ነው።

ከአጥር ወይም ከምሰሶ ወደ ቤቱ የሚገባው ቱቦ 32 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒቪሲ ቢሆን፣ በቤት ውስጥ ወደየክፍሉ የሚሄዱት ደግሞ 20 ወይም 25 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ይበቃል። ሁለት ነገር አይርሱ። የመጀመሪያው ማዕዘን ነው፤ ቱቦው በቀጥታ 90 ዲግሪ የሚሰበር ክርን ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚጎብጥ መታጠፊያ ይኑረው፤ በሁለት የገመድ መገናኛ ሳጥኖች መካከልም ከሁለት መታጠፊያ በላይ አይሁን፤ አለዚያ ገመዱ መሳብ ያቅታል። ሁለተኛው ሲባጎ ነው፤ ቱቦው ሲቀበር በውስጡ ጠንካራ የናይለን ሲባጎ ይለፍበት፣ ጫፎቹም ከሁለቱም በኩል ይታሰሩ። ሲባጎው የሌለበት ቱቦ ውስጥ ገመድ ለማስገባት ግማሽ ቀን ስንታገል ያየሁ ሰው ነኝ፤ በጥቂት ብር ሲባጎ የሚቀር ድካም ነበር።

የቱቦው ጫፍ ክፍት ሆኖ ከቀረ ሲሚንቶ ይገባበታል፤ ከዚያ ተርፎ ከሆነ ደግሞ ጉንዳንና አይጥ ይሠፍሩበታል። በተለይ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት አይጥ ለዓመታት የለመደው ቤት ነው፤ ፍሬው ቢወጣም አይጡ ቶሎ አይወጣም። ጫፉን በልስን ጊዜ በፕላስቲክና በማጣበቂያ ይድፈኑ፤ ገመዱ ከገባ በኋላም ክፍተቱን በሲሊከን ይዝጉት።

ቱቦው በምድር ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ የሐዋሳን መሬት ማሰብ ያስፈልጋል። ወደ ሐይቁ በቀረቡት ሰፈሮች ትንሽ ሲቆፈር ውኃ ይገኛል፤ በዝናብ ወራትም ግቢው ይረጥባል። ቱቦው ግማሽ ሜትር ያህል ተቀብሮ፣ ከቤቱ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘቀዘቀ እንዲሆን ያድርጉት፤ ውኃ ቢገባበት ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ውጭ ይውጣ። ውኃው የሚተኛበት ግቢ ከሆነ ደግሞ መቆፈሩን ትተው በአየር ላይ ማምጣት የተሻለ ነው። በአየር ላይ ሲመጣ ገመዱ በግቢው በር ላይ የሚያልፍ ከሆነ ከፍታው ከ5 ሜትር አያንስ፤ አሸዋ ይዞ የሚገባ አይሱዙ የጎረቤቴን ገመድ ከነማሰሪያው ነቅሎ እንደሄደ አይቻለሁ። ገመዱ ወደ ግድግዳው ቀዳዳ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ ተንጠልጥሎ ተመልሶ ይግባ፤ ዝናቡ በገመዱ ላይ እየወረደ መጥቶ ከዝቅተኛው ቦታ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ግድግዳው አይገባም። ቀዳዳው ራሱም ከውስጥ ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ ይሁን።

መጋዘንን ወደ ቤት የሚለውጥ ሰው አንድ ትልቅ ዕድል አለው፤ እሱም ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሰፊ ባዶ ቦታ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለና በብረት የተሸከመ ስለሆነ ኮርኒስ ሲገጠም በመካከሉ ሰው ተጎንብሶ የሚሄድበት ስፍራ ይቀራል። ገመዶቹን በሙሉ በዚያ በኩል አሳልፈው በየክፍሉ በግድግዳው ውስጥ ወደ ታች ማውረድ ይቻላል። በቀን ፀሐይ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ስለሚግል ግን ገመዱ ቆርቆሮውን ሳይነካ፣ በቱቦ ውስጥ ሆኖ በብረቱ የታችኛው ክፍል ላይ ይታሰር። ለመተላለፊያ ብለው የኮንክሪት ምሰሶውን ወይም የላይኛውን ማሰሪያ ቢም እንዳይበሱ፤ ብሎኬቱን ይብሱ። አብዛኛውን ጊዜ መጋዘኑን የሚሸከመው ምሰሶው ነው፤ ብሎኬቱ መሙያ ብቻ ነው።

ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ በፍጹም አይፈቀድ። የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች «ቱቦው ቦታ አለው» ብለው ሊያግባቡዎት ይሞክራሉ፤ እኔንም አግባብተውኛል፤ ያንን መስመር በኋላ ማውጣት ነበረብኝ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፤ መሻገር ካለባቸውም በቀጥታ ማዕዘን ይሻገሩ። ይህ ለዳታው ጥራትም ለሕይወትም ይጠቅማል።

በየክፍሉ የሚወርደው ገመድ ካት ፋይቭ ኢ ወይም ካት ሲክስ የሚባለው ሲሆን፣ ሁለቱም እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋ ቢት ያሳልፋሉ። በገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ለመለየት የአንዱን ክር ጫፍ በቢላ ይፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፣ አይግዙት። አሉሚኒየም ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ጊዜ ሲያልፍም መጋጠሚያው ይላላል። ሙሉው ካርቶን 305 ሜትር ስለሚይዝ ለአንድ ቤት ይበቃል፤ ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መግዛትም ይቻላል።

ስንት የገመድ መውጫ ነጥብ ያስፈልጋል ለሚለው የእኔ ግምት ይህ ነው፦ ለሳሎን ሁለት፣ ለየመኝታ ክፍሉ አንድ አንድ፣ ለሥራ ወይም ለጥናት ቦታ ሁለት፣ ለኮሪደሩ ኮርኒስ አንድ፣ ለግቢው ካሜራ ከታሰበ ሌላ አንድ። ሁሉም ገመዶች የሚነሡት ከአንድ ቦታ ነው፤ የዚያን ቦታ አመራረጥ ቀጥሎ እንመለከታለን። ጫፎቹ ሲገጠሙ የቀለሙ ቅደም ተከተል በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን፤ የተለመደው ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። ልስኑ ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቁም ሣጥን ለመስቀል ሲበሱ ያ ፎቶ ስንት ነገር እንደሚያድን ያዩታል።

አራተኛ፦ የመሣሪያው ቤት የት ይሁን

የፋይበሩ መጨረሻ የሆነው ትንሽ ሳጥንና ራውተሩ አንድ ቋሚ ስፍራ ይፈልጋሉ። ሰዎች ብዙውን ጊዜ ገመዱ ከገባበት ግድግዳ ጥግ ይተዉታል፤ መጋዘን በነበረ ሕንፃ ውስጥ ይህ ማለት ከቤቱ አንድ ጫፍ ማለት ነው፤ ሌላው ጫፍ ዋይፋይ አያገኝም። የተሻለው ቦታ ከቤቱ መካከል፣ ከወለሉ 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ አየር በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ነው። ከማድ ቤት እንፋሎት፣ ከውኃ ሮቶና ከመስታወት ቁም ሣጥን ይራቅ። ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ሳጥን አጠገብም አይሁን። በዚያ ስፍራ ቢያንስ ሦስት ሶኬቶች ያሉት ነጥብ ያስወጡ፤ አንዱ ለፋይበሩ መሣሪያ፣ አንዱ ለራውተሩ፣ አንዱ ለሌላ የሚጨመር ነገር።

መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱ አብሮ እንዳይጠፋ ማሰብ ለሐዋሳ ኗሪ አዲስ ነገር አይደለም። እነዚህ መሣሪያዎች በአብዛኛው በ12 ቮልት ይሠራሉ፤ አስማሚያቸው ላይ 1 አምፔር ወይም 1.5 አምፔር ተጽፎ ያገኛሉ። ለእነሱ ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ የ12 ቮልት ምትኬ ከገዙ ያለ ኢንቨርተር ለሰዓታት ያሠራቸዋል። የሞተር ብስክሌት ወይም የማንቂያ ደወል ባትሪ በቀጥታ ለማገናኘት የሚሞክሩ አሉ፤ ባትሪው በሚሞላበት ጊዜ ቮልቱ 14 ስለሚደርስ መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል፤ በመካከሉ ቮልቱን 12 ላይ የሚይዝ ማስተካከያ ያስፈልጋል፤ የፖዘቲቩንና የኔጋቲቩን ጫፍም ሳያረጋግጡ አይሰኩ። ምሳሌ ለመስጠት፣ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከዚህ ግማሹን ብቻ ተጠቅመው መሣሪያዎቹ በድምሩ 10 ዋት ቢወስዱ አራት ሰዓት ያህል ያቆያቸዋል።

መብረቅ ያለበት ቀን መዳብ መስመር ያላቸው ሰዎች የስልኩን ገመድም የኤሌክትሪኩንም መንቀል አለባቸው፤ በሐዋሳ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ነጎድጓድ ብዙ ራውተር ጨርሷል። ፋይበሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ባያስተላልፍም ከምሰሶ የሚመጣው ገመድ ብዙ ጊዜ የሚሸከመው የብረት ሽቦ ስላለው ይህ ሽቦ ከውጭ ግድግዳ ላይ ታስሮ መቅረት አለበት፤ ወደ ቤት ውስጥ አይዝለቅ።

አምስተኛ፦ ማመልከቻው

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ምክንያቱም ከላይ ያለው ከተሠራ የሚቀረው ቀላል ነው። የታደሰ መታወቂያ ወይም የፋይዳ ቁጥር፣ የይዞታ ማረጋገጫ ወይም የኪራይ ውል፣ የቤቱን የካርታ ነጥብ ይዘው ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ይሂዱ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ994 ደውለው አስቀድመው መጠየቅ ይችላሉ። የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው፦ በአድራሻዬ ፋይበር አለ ወይ፣ የመገጣጠሚያው ክፍያ ስንት ነው፣ መሣሪያው የሚሰጠኝ ነው ወይስ የምገዛው፣ በወር ክፍያው የማገኘው አገልግሎት ያልተገደበ ነው ወይስ ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ክፍያዎን በቴሌብርም ሆነ በባንክ ሲፈጽሙ ማረጋገጫውን ያስቀምጡ። ማመልከቻውን ያስገቡበትን ቀንና የማመልከቻ ቁጥሩን ይጻፉ፤ ሲዘገይ «መቼ ነው ያመለከቱት?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

የፍጥነቱን መጠን ሲመርጡ በቢትና በባይት መካከል ያለው ልዩነት ያሳስታል። 8 ቢት 1 ባይት ነው፤ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት የሚል ጥቅል በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ያወርዳል፤ 1 ጊጋ ባይት ለማውረድ ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በሙሉ ጥራት ቪዲዮ ለማየት 5 ሜጋ ቢት ያህል ያስፈልጋል፤ የቪዲዮ ስብሰባ ለአንድ ሰው ከ2 እስከ 4 ሜጋ ቢት ይወስዳል። አራት ሰው ያለበትና ከቤት የሚሠራ ሰው ያለው ቤተሰብ ከ10 ሜጋ ቢት ባያንስ ይመረጣል። ከዚያ በላይ ከፍ ለማለት አትቸኩሉ፤ ጥቅሉን ማሳደግ በኋላ ይቻላል፤ ዋይፋይ ደካማ በሆነበት ቤት ትልቅ ጥቅል መግዛት ግን ቀዳዳ ባለው ባልዲ ውኃ መቅዳት ነው።

ስድስተኛ፦ ባለሙያው የመጣ ቀን

ባለሙያውን ብቻውን አይተዉት፤ አብረው ይቁሙ፣ ሻይ ያቅርቡ፣ ግን ዓይንዎን ከገመዱ አያንሱ። በመጀመሪያ የተዘጋጀውን ቱቦ ያሳዩትና ሲባጎውን ፈትተው ይስጡት፤ ሥራው በዚህ ግማሽ ያልቃል። ቀጥሎ የሚከታተሏቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ፋይበሩ የትም ቦታ ላይ በሹል ማዕዘን አይታጠፍ። ለቤት ውስጥ ተብለው የተሠሩት ዘመናዊ ፋይበሮች እስከ 10 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ድረስ መታጠፍ ይችላሉ፤ አሮጌዎቹ ግን እስከ 30 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ካላወቁ ከቡና ስኒ አፍ የጠበበ ክብ አይሥሩ። ከመሣሪያው አጠገብ ሁለት ሦስት ሜትር ትርፍ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ወደፊት ጫፉ ሲበላሽ ቆርጦ እንደገና ለማያያዝ ያስፈልጋል። ገመዱን በሚስማር ሲያስይዝ መዶሻው እንዳይጨፈልቀው ይጠንቀቁ።

የጫፉ መሰኪያ ቀለም አለው። አረንጓዴው በሰያፍ የተሞረደ፣ ሰማያዊው በቀጥታ የተሞረደ ነው፤ ሁለቱን አያገጣጥሙ፤ ቢገጣጠሙ ብርሃኑ ይባክናል። በቤት ፋይበር ላይ የተለመደው አረንጓዴው ነው። የመሰኪያውን ጫፍ በጣት አይንኩት፤ ብርሃኑ ለዓይን የማይታይ ስለሆነም ወደ ጫፉ አይመልከቱ።

መሣሪያው ሲበራ ሁለት መብራቶችን ይመልከቱ፦ አንደኛው ፖን (PON) የሚል ሲሆን መጀመሪያ ብልጭ ድርግም እያለ ቆይቶ ይረጋል፤ ሁለተኛው ሎስ (LOS) የሚል ሲሆን ቀይ ሆኖ ከበራ ምልክቱ አልደረሰም ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ አለ። ባለሙያው የብርሃን መለኪያ ይዞ ከሆነ የደረሰውን ኃይል እንዲነግርዎት ይጠይቁት። ቁጥሩ ዲቢኤም በተባለ የምልክት ኃይል መለኪያ የሚነገርና ኔጋቲቭ ነው፤ ከኔጋቲቭ 15 እስከ ኔጋቲቭ 25 ያለው ጥሩ ነው፤ ኔጋቲቭ 27 ከደረሰ ወይም ካለፈ መሣሪያው ለጊዜው ቢሠራም በመጀመሪያው ዝናብ የሚጠፋ መስመር ነው። ቁጥሩን ይጻፉት። ከስድስት ወር በኋላ ሲበላሽ «ሲገባ ኔጋቲቭ 21 ነበር፣ አሁን ኔጋቲቭ 28 ሆኗል» ብሎ መናገር መቻል የቅሬታን ቋንቋ ይለውጠዋል።

ባለሙያው ከመሄዱ በፊት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በወረቀት ይቀበሉ፤ መሣሪያው ወደ ፋብሪካ ቅንብር ቢመለስ ያለ እሱ አይገናኝም።

ሰባተኛ፦ ዋይፋዩን በመጋዘን ግድግዳ ላይ ማሸነፍ

መጋዘን ወፍራም ግድግዳና ብረት የበዛበት ሕንፃ ነው። የተከፋፈለው በጂፕሰም ወይም በቺፑድ ከሆነ ምልክቱ ያልፋል፤ አሮጌው ቆርቆሮ በር ወይም በግድግዳው ውስጥ የቀረ የቆርቆሮ ልብስ ካለ ግን ምልክቱን እንደ መስታወት ይመልሰዋል። ሁለት ዓይነት ሞገድ ያለው ራውተር ሁለት ስም ያወጣል፤ 2.4 ጊጋ ኸርትዝ የሚባለው ርቆ የሚሄድና ግድግዳ የሚያልፍ ሲሆን ቀርፋፋ ነው፤ 5 ጊጋ ኸርትዝ ፈጣን ነው፣ ግን በአንድ ብሎኬት ግድግዳ ይደክማል። ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር በገመድ ይሁኑ፤ ስልኮቹ ብቻ በዋይፋይ ይቆዩ። ይህ ሲሆን ዋይፋዩ ራሱ ይቀላል።

በ2.4 ላይ ጎረቤቶች በበዙበት ሰፈር ከቻናል 1፣ 6 እና 11 ውጭ መምረጥ እርስ በርስ መደራረብ ነው፤ ከሦስቱ ብዙ ሰው ያልያዘውን ይምረጡ። ከቤቱ ጫፍ ያለው መኝታ ክፍል ምልክት ካጣ ምልክት የሚደግም መሣሪያ በሶኬት ከመሰካት ይልቅ ወደዚያ የወረደውን ገመድ ተጠቅመው ሁለተኛ ራውተር በማስተላለፊያነት ያስቀምጡ። ደጋሚው የተዳከመውን ምልክት ይደግማል፤ በገመድ የሚመጣው ሁለተኛ ራውተር ግን ከመነሻው ሙሉውን ይወስዳል። ኮሪደሩ ኮርኒስ ላይ የተተወው ነጥብ የታሰበው ለዚህ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሊደረግ የሚገባው ሌላ ነገር የይለፍ ቃሉን መለወጥ ነው። በመሣሪያው ጀርባ ላይ የታተመው የመግቢያ ቃል ለቤቱ እንግዳ ሁሉ ይታያል። በአሳሽ ላይ 192.168.1.1 ወይም በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን ሌላ አድራሻ ከፍተው የአስተዳዳሪውንም የዋይፋዩንም ቃል ይቀይሩ፤ የጥበቃውን ዓይነት ደብሊው ፒ ኤ ሁለት ወይም ሦስት (WPA2 ወይም WPA3) ያድርጉት።

ስምንተኛ፦ መለካትና ብልሽት

ፍጥነቱን ሲለኩ በዋይፋይ አይጀምሩ። ኮምፒውተር በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝተው፣ ሌላ ሁሉ ተዘግቶ፣ ጠዋት አንዴ ማታም ከሁለት ሰዓት በኋላ አንዴ ይለኩ። በገመድ የገዙትን ያህል ካገኙና በዋይፋይ ካላገኙ ችግሩ በቤትዎ ነው፤ በገመድም ካላገኙ ችግሩ ከመስመሩ ነው። ይህን ሳይለዩ መደወል ባለሙያውን በከንቱ ያስመጣል፤ እሱም «ይሠራል» ብሎ ይሄዳል።

ቀዩ ሎስ መብራት ሲበራ መጀመሪያ የፋይበሩ መሰኪያ ልቅ አለመሆኑን፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ገመዱ አለመታጠፉን ይመልከቱ፤ ከዚያም ወደ ግቢ ወጥተው ገመዱን እስከ ምሰሶው በዓይን ይከተሉ። ዛፍ የወደቀበት፣ ልጅ የተንጠለጠለበት፣ አይጥ የላጠው ቦታ ብዙውን ጊዜ በዓይን ይታያል። በዓይን ካልተገኘ ብልሽቱ ከምሰሶው ሳጥን ወዲያ ሊሆን ይችላል፤ ደውለው ያስመዝግቡና የብልሽት ቁጥሩን ይቀበሉ። ቀዩ መብራት ካልበራ፣ ማለትም መሣሪያው ጤነኛ ሆኖ ኢንተርኔት ብቻ ከሌለ፣ የወር ክፍያዎን ይፈትሹ፤ ከዚያም መሣሪያውን አጥፍተው ከደቂቃ በኋላ ያብሩ። በየጊዜው ማጥፋትና ማብራት የሚያስፈልገው ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መሞቅ ነው፤ በእኔ ቤት መሣሪያው ከቆርቆሮው ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ በቀኑ ሐሩር ይዘጋ ነበር፤ አንድ ሜትር ዝቅ አድርጌ ስሰቅለው ነገሩ ቆመ።

የቱቦዎቹን መንገድ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ፎቶዎቹን፣ የተጠቃሚውን ስምና የብርሃኑን ቁጥር በአንድ ፕላስቲክ ከትተው በማከፋፈያው ሳጥን በር ውስጥ ያኑሩት፤ የሚቀጥለው ባለሙያ ሲመጣ ከዚያ ይጀምራል።